ዕጣ የድሃ፣ ምርጫ የሀብታም፦ የጥንት ግሪኮች እንዴት ይተዳደሩ ነበር?

አቴንስ ውስጥ፣ በጥንቱ ገበያ ፍርስራሽ መሃል ባለ ሙዚየም፣ አንድ የተሰበረ የእብነ በረድ ድንጋይ አለ። ፊቱ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች በረድፍ በረድፍ ተቀርጸውበታል። ሳይነግሩት ለምን እንደተሠራ የሚገምት ሰው ያለ አይመስለኝም። ስሙ ክሌሮቴሪዮን ነው። የዕጣ ማውጫ መሣሪያ ነው። አቴናውያን ዳኞቻቸውን የሚመድቡት እንዲህ ባለ ድንጋይ ነበር።

ዕጣ ሲባል እኛ ትዝ የሚለን እቁብ ነው፤ ከተሜ ከሆንን ደግሞ ኮንዶሚኒየም። ሥልጣንን በዕጣ ማደል ቀልድ ይመስላል። አቴናውያን ግን ቀልድ የሚመስላቸው የዛሬው አሠራር በሆነ ነበር። «በየጥቂት ዓመቱ ሰው እንመርጣለን፤ ስለዚህ ዴሞክራሲ አለን» ብንላቸው ግራ ይጋባሉ። በእነሱ ዓይን ምርጫ የጥቂቶች አገዛዝ መታወቂያ ነው። የሕዝብ አገዛዝ መታወቂያው ዕጣ ነው። ይህን እኔ አላመጣሁትም። አሪስቶትል፣ የድሮ መጻሕፍታችን አርስጣጣሊስ የሚሉት፣ በግልጽ ጽፎታል።

ምክንያቱ ብዙ አያመራምርም። ምርጫ ካለ የሚመረጠው የታወቀ ሰው ነው። የታወቀ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ያለው፣ ዘሩ የሚቆጠርለት፣ አንደበቱ የሰላ ነው። ዕጣ ግን አያውቅህም። የማን ልጅ እንደሆንክ አይጠይቅም።

ስለዚህ የግሪኮችን አገዛዝ ለመረዳት ከስሙ ይልቅ በሩን ማየት ይሻላል። ማን ይገባል? በምን ይገባል? ለስንት ጊዜ ይቆያል? (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

አንድ ሕዝብ፣ ሺህ መንግሥት

«የጥንት ግሪክ» ስንል አንድ ዋና ከተማ ያላት አንዲት አገር የነበረች ይመስለናል። አልነበረችም። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ አማልክቶቻቸውም አንድ ናቸው። ኦሊምፒያ ላይ አብረው ይሮጣሉ። አስተዳደራቸው ግን ለየቅል ነው። ከስፔን ዳርቻ እስከ ጥቁር ባሕር ድረስ ከ1,000 በላይ ከተሞች ነበሯቸው። እያንዳንዱ ከተማ፣ በዙሪያው ካለው ገጠር ጋር፣ ራሱን የቻለ መንግሥት ነው። ፖሊስ ይሉታል። «ፖለቲካ» የምንለው ቃል የተወለደው ከዚህ ነው።

አሪስቶትልና ተማሪዎቹ የ158 ከተሞችን አስተዳደር አጥንተው ለየብቻ ጽፈው ነበር። ከቁርጥራጭ በቀር ሁሉም ጠፋ። ሙሉ ሊባል በሚችል መልኩ የተረፈው የአቴንሱ ብቻ ነው። እሱም የተረፈው በአጋጣሚ ነው። ግብፅ ውስጥ ሰዎች የእርሻ ሒሳብ የተጻፈበትን አሮጌ ፓፒረስ ገልብጠው ጀርባው ላይ ጽሑፉን ቀዱበት። ለሕትመት የበቃው በፈረንጆቹ 1891 ዓ.ም. ነው። ስለዚያ የዕጣ ድንጋይ አሠራር በዝርዝር የምናውቀው ከአንድ ገበሬ ሒሳብ ጀርባ ነው ማለት ነው።

አሪስቶትል አገዛዞችን ሲመድብ ሁለት ነገር ይጠይቃል። የሚገዛው ስንት ሰው ነው? የሚገዛውስ ለማን ጥቅም ነው? አንድ ሰው ለሁሉም ጥቅም ከገዛ ንጉሥ ነው። ለራሱ ከገዛ ጢራኖስ ነው፤ አምባገነን እንደምንለው። ጥቂቶች ለሁሉም ጥቅም ከገዙ አሪስቶክራሲ ይባላል፤ የምርጥ ሰዎች አገዛዝ ማለት ነው። ለኪሳቸው ከገዙ ኦሊጋርኪ ይሆናል። ብዙኃኑ ለሁሉም ጥቅም ከገዙ ፖሊቴያ ይለዋል። ለራሳቸው ጥቅም ብቻ ከገዙስ? ዴሞክራሲ! አዎ፣ ዴሞክራሲን የመደበው ከተበላሹት ጋር ነው። ከተበላሹት ውስጥ የሚሻለው እሱ ነው ብሎ ግን ያጽናናናል።

ብዙ መጽሐፍ እዚህ ሰንጠረዥ ላይ ያቆማል። ደስ የሚለኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አሪስቶትል ራሱ የሠራውን ሰንጠረዥ ያፈርሰዋል። ነገሩ የቁጥር አይደለም ይላል። ሀብታም ሲገዛ ኦሊጋርኪ ነው፤ ድሃ ሲገዛ ዴሞክራሲ ነው። ሀብታሙ በየአገሩ ጥቂት፣ ድሃው በየአገሩ ብዙ መሆኑ አጋጣሚ ነው። ለዚህ ክርክሩ ምሳሌ ሲፈልግ ደግሞ ማንን ቢጠራ ጥሩ ነው? ኢትዮጵያን! በኢትዮጵያ ሹመት የሚታደለው በቁመት ነው የሚሉ አሉ፤ እንዲህ ከሆነ ረጃጅሞች ጥቂት ስለሆኑ አገዛዙ የጥቂቶች ይሆናል ይላል። ከእሱ በፊት የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶተስም ኢትዮጵያውያን ከመካከላቸው ረጅምና ብርቱ የሆነውን ያነግሣሉ ብሎ ጽፏል። በዚያ ዘመን ቃሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ይጠቀልል ስለነበር ብዙም አንኩራራ። አጭር የሆንን ሰዎችም አንከፋ።

ነገሥታቱ የት ገቡ?

ስለ ነገሥታት ብዙ የምለው የለኝም። በጣም ጥንት፣ ከ1200 በፊት፣ በትልልቅ ቤተ መንግሥቶች የሚኖሩ ገዢዎች ነበሩ። ወደቁ። ከእነሱ በኋላ የመጡት የአካባቢ አለቆች ቀስ በቀስ ሥልጣናቸውን ለመኳንንት ለቀቁ። እውነተኛ ነገሥታት የቀሩት እንደ መቄዶንያ ባሉ ዳር አገሮችና በስፓርታ ነው።

አቴንስ ውስጥ ግን «ንጉሥ» የሚለው ማዕረግ አልጠፋም። በየዓመቱ ከሚሾሙት፣ አርኮን ከሚባሉት ዘጠኝ ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ «ንጉሥ» ይባል ነበር። ሥራው መሥዋዕትና በዓላትን መቆጣጠር፣ የነፍስ ግድያና አማልክትን የመድፈር ክሶችን መቀበል ነው። ሶቅራጥስ ሲከሰስ ክሱ የገባው እዚህ «ንጉሥ» ዘንድ ነው። ንጉሡ የሚሾመው ታዲያ በምንድን ነው? በዕጣ። ለአንድ ዓመት። ከዚያ ወደ ቤቱ።

ረጃጅሙን እሸት የቆረጠው ሰው

ቆሮንቶስን ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ከተማ ብለን እናውቃታለን። ከእሱ 700 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ባኪያድ የሚባል አንድ ጎሣ ይገዛት ነበር። ሥልጣኑም ጋብቻውም እዚያው በዚያው ነው። ላብዳ የምትባል አንዲት ልጃቸው እግሯ ሰንካላ ነበር። ከወገን የሚያገባት ስለጠፋ ለውጭ ሰው ተዳረች። ወንድ ልጅ ወለደች። በ657 ገደማ ባኪያዶችን ከሥልጣን ያባረራቸው ያ ልጅ ነው፤ ኪፕሴሎስ ይባላል። ታሪኩን የሚነግረን ሄሮዶተስ ነው።

ኪፕሴሎስ ጢራኖስ ሆነ። ቃሉ መጀመሪያ ላይ ስድብ አልነበረም። በዘር ሐረግ ሳይሆን በራሱ መንገድ ሥልጣን የያዘ ሰው ማለት ነበር። ብዙዎቹ የመጡት መኳንንቱ ያስመረሩትን ሕዝብ ይዘው ነው። የመጀመሪያው ጢራኖስ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ጣጣው የሚመጣው በልጁ ነው።

የኪፕሴሎስ ልጅ ፔሪያንድሮስ ለሚሊጢን ከተማ ጢራኖስ መልእክተኛ ላከ። «ከተማን በሰላም መግዛት የሚቻለው እንዴት ነው?» ብሎ። የሚሊጢኑ ሰው አልመለሰም። መልእክተኛውን ይዞ ወደ እህል ማሳ ወጣ። ስለመጣበት ጉዳይ እየደጋገመ እየጠየቀው፣ ከሌላው በላይ ዘለግ ያለ እሸት ባየ ቁጥር ይቆርጥና ይጥላል። ከማሳው ምርጡን እንዲህ ጨረሰው። ከዚያ መልእክተኛውን በሉ ደህና ሂዱ አለው። ሰውየው ተመልሶ «ወደ እብድ ነው የላኩኝ፤ የራሱን እህል ያጠፋል» አለ። ፔሪያንድሮስ ግን ገባው። በከተማው ቀና ያለውን ሁሉ መቁረጥ ጀመረ።

የአቴንሱ ጢራኖስ ፒሲስትራቶስ ለስለስ ያለ ነበር፤ አመጣጡ ግን ቲያትር ነው። መጀመሪያ ራሱንና በቅሎዎቹን አቆሰለና «ጠላቶቼ ሊገድሉኝ ነበር» ብሎ ገበያ መሃል ገባ። ጠባቂ ተሰጠው። በጠባቂዎቹ የከተማዋን ኮረብታ ያዘ። ተባረረ። ሁለተኛ ሲመጣ አንዲት ቁመተ መለሎ ሴት ፈልጎ የጦር ልብስ አለበሳት፤ ሠረገላ ላይ አቆማትና «አቴና የምትባለው አምላክ ራሷ እያመጣችው ነው» ብሎ አስለፈፈ። ተቀበሉት። ሄሮዶተስ እዚህ ላይ ይናደዳል። ከግሪኮች ሁሉ ብልጥ የሚባሉት አቴናውያን በእንዲህ ያለ ጅል ተንኮል ተሸወዱ ይላል። ደግሞ ተባረረ። ሦስተኛው በቅጥር ወታደርና በገንዘብ ነው። እስከ ሞተበት 527 ድረስ ገዛ።

ለድሃ ገበሬ ያበድር ነበር፤ ከምርቱ አሥራት ይወስዳል። አንድ ቀን ተራራ ሥር ድንጋይ ብቻ የሆነ መሬት የሚቆፍር ሰው አይቶ «ከዚህ ምን ታገኛለህ?» ብሎ አስጠየቀው። ሰውየው ማን እንደሆነ አላወቀም። «ሕመምና ስቃይ ነው የማገኘው፤ ከሱም ፒሲስትራቶስ አሥራቱን ይውሰድ» አለ። ጢራኖሱ ሳቀና ከግብር ነፃ አደረገው። ይህ ታሪክ ያለው እዚያው የሒሳብ ጀርባ ላይ ነው። ልጆቹ እንደ አባታቸው አልሆኑም። አንዱ በ514 ተገደለ፤ ሌላው በ510 በስፓርታ ጦር እርዳታ ተባረረ።

ጩኸት የሚቆጥሩት

ስፓርታ የትኛውም ሣጥን ውስጥ አትገባም። ንጉሥ አላት፤ ያውም ሁለት፣ ከሁለት የተለያዩ ቤቶች፣ በአንድ ጊዜ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ 28 ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሸንጎ አላት። የዜጎች ጉባኤም አላት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኤፎር የሚባሉ አምስት ሹማምንት በየዓመቱ ይመረጣሉ። ኤፎሮች ንጉሡን መክሰስ ይችላሉ። በየወሩ ንጉሡና ኤፎሮቹ ይማማላሉ። ንጉሡ በሕግ እገዛለሁ ይላል። እነሱም ቃልህን እስከጠበቅክ ዙፋንህ አይነቃነቅም ይሉታል። መማማሉ በየወሩ መሆኑ ምን ያህል እንደሚተማመኑ ያሳያል።

የሽማግሌዎቹ ምርጫ ደግሞ ልዩ ነው። ጥቂት ዳኞች ውጭውን የማያዩበት ቤት ውስጥ ይዘጋባቸዋል። ዕጩዎቹ አንድ በአንድ በሕዝቡ ፊት ያልፋሉ። ሕዝቡ ለወደደው ይጮኻል። ቤት ውስጥ ያሉት የሚሰሙት ጩኸቱን ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ አያውቁም። «የሦስተኛው በረታ» ብለው ይጽፋሉ። ጩኸት የበዛለት ዕድሜ ልኩን ሽማግሌ ይሆናል። አሪስቶትል የልጅ ጨዋታ ብሎታል። እኔ እንኳ ያን ያህል አልንቀውም። ቢያንስ ዳኛው ማንን እንደሚጠቅም አያውቅም።

ስፓርታን የጎዳት በሩ ነው። ሙሉ ዜጋ ለመሆን በጋራ የሚበላበት ማዕድ ላይ የተወሰነ ገብስ፣ ወይን፣ አይብና በለስ በየወሩ ማዋጣት ግድ ነው። መዋጮው ያቃተው ከዜግነት ይወጣል። መሬቱን የሚያርሱት ሄሎት የሚባሉ፣ ከመሬቱ ጋር የታሰሩ ባሮች ናቸው። መሬት በጥቂቶች እጅ ሲሰበሰብ መዋጮ የሚከፍለው ቁጥር መነመነ። በ480 ወደ 8,000 ተዋጊ ዜጎች ነበሯት ይባላል። በአሪስቶትል ዘመን 1,000 አይሞሉም ነበር። በ371 በሌውክትራ ጦርነት በአንድ ቀን 400 ሞቱባትና ከዚያ በኋላ ቀና አላለችም።

የአንድ ቀን መሪ

አሁን ወደ አቴንስ። እዚህ ጥቂት እንቆያለን።

ሕግ አውጪው ሶሎን በ594 የዕዳ ቀንበር ሰበረ። በዕዳ ሰውን ባሪያ ማድረግ ከለከለ። ዜጎችን ግን በዘር ፈንታ በምርት መደበ። በዓመት 500 መስፈሪያ የሚያገባ አንደኛ፣ ከዚያ 300፣ ከዚያ 200፣ ከዚያ የቀረው። ትልልቁ ሹመት ለላይኞቹ ነው። ድሃው ጉባኤና ፍርድ ቤት መግባት ይችላል። ጅምር ነው።

ዋናውን ሥራ የሠራው ክሊስቴኒስ ነው፤ በ508። አገሩን 139 ቀበሌ አደረገው። ከዚያ ከባሕር ዳርቻ፣ ከከተማና ከመሃል አገር እየቀላቀለ አሥር አዳዲስ ነገዶች ፈጠረ። ብልሃቱ ይህ ነው። ከዚያ በፊት መኳንንቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አካባቢ ነበራቸው። አሁን ዓሣ አጥማጁ፣ ከተሜውና እረኛው በአንድ ነገድ ይዘምታሉ፤ በአንድ ነገድ ይወከላሉ። «የእኔ ሰዎች» የሚል መኳንንት ሰዎቹ ተበተኑበት።

ከየነገዱ 50፣ በጠቅላላው 500 ሰው በዕጣ እየወጣ ሸንጎ ይገባል። ለአንድ ዓመት። ዕድሜ ከ30 በላይ መሆን አለበት፤ በሕይወት ዘመን ከሁለት ጊዜ በላይ አይቻልም። ሒሳቡን ሥሩት። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን 30,000 ያህል ወንድ ዜጋ ባላት ከተማ በአሥር ዓመት ውስጥ 5,000 ወንበር። ጫማ ሰፊውም፣ ወይራ ነጋዴውም ተራው ይደርሰዋል። የዓመቱን አንድ አሥረኛ የአንዱ ነገድ 50 ሰዎች ተረኛ ሆነው ይሠራሉ። ከ50ዎቹ አንዱ ደግሞ በየቀኑ በዕጣ ሊቀ መንበር ይሆናል። የግምጃ ቤቱን ቁልፍና የመንግሥቱን ማኅተም ይይዛል። ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት። ዳግመኛ አይደርሰውም። አቴንስን የመራ ሰው ማየት ከፈለግህ ጎረቤትህን ማየት ነው።

ሸንጎው አጀንዳ ያዘጋጃል። የሚወስነው ጉባኤው ነው። ፕኒክስ በምትባል ኮረብታ ላይ በዓመት 40 ጊዜ ይሰበሰባል። አንዳንድ ጉዳይ 6,000 ሰው ካልተገኘ አይወሰንም። አዋጅ ነጋሪው «ማን መናገር ይፈልጋል?» ብሎ ይጣራል። የፈለገ ይወጣል። ሰዉ ገበያ ላይ ወሬ ይዞ ሲዘገይ ቀይ ቀለም የተነከረ ገመድ ዘርግተው ወደ ስብሰባው ይነዱታል። ልብሱ ቀይ የነካው ሰው አርፋጅነቱ ይታወቅበታል። ኋላ ላይ አበል ሲጀመር ሰዉ ራሱ ይሽቀዳደም ጀመር፤ አበል የማይሠራው ተአምር የለም።

ፍርድ ቤቱ ላይ ነው ያ ድንጋይ የሚመጣው። በየዓመቱ 6,000 ሰው ለዳኝነት ይምላል። እያንዳንዱ ስሙ፣ የአባቱ ስምና ቀበሌው የተጻፈበት ትንሽ መታወቂያ አለው፤ ከነሐስ ወይም ከእንጨት። ችሎት በሚዋልበት ቀን ሊቀመጥ የፈለገ በጠዋት ይመጣል። መታወቂያዎቹ በድንጋዩ ስንጥቆች ውስጥ ይሰካሉ። በጎኑ ባለ ቀጭን ቱቦ ነጭና ጥቁር ጠጠሮች ይወርዳሉ። ነጭ ከወጣ ረድፉ በሙሉ ይገባል። ጥቁር ከወጣ ረድፉ በሙሉ ወደ ቤቱ። ከዚያ ደግሞ የትኛው ችሎት እንደሚደርሰው ሌላ ዕጣ። ባለቀለም ዱላ ይሰጠዋል፤ ዱላው ያው ቀለም ካለበት በር ውጭ አያስገባውም። ይህ ሁሉ ልፋት ጉቦን ለመከላከል ነው። ዳኛው ማን እንደሚሆን ጠዋት ድረስ ማንም ካላወቀ ለማን ትሰጣለህ? ያውም 201፣ ወይም 501 ሰው።

ሕግ የሚያስረዳ ባለሙያ ዳኛ የለም። ተከራካሪው ራሱ ይናገራል። ንግግሩን ጽፎ የሚሸጥለት ሰው ግን ነበር። ጊዜው በውሃ ይለካል፤ ከእንስራ የሚንጠባጠበው ሲያልቅ አለቀ። ድምፅ የሚሰጠው በሁለት የነሐስ ክቦች ነው። የአንዱ መሃል ውስጡ ክፍት ነው፤ የሌላው ድፍን። ጫፍና ጫፉን በሁለት ጣት ሲይዙት የቱ እንደሆነ አይታይም።

ወላጆችህን ትጦራለህ?

በዕጣ የወጣው ሰው ዝም ብሎ ወንበር ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ይጠየቃል። አባትህ ማነው? እናትህስ? አያቶችህ? የቤተሰብህ መቃብር የት ነው? ወላጆችህን ትጦራለህ? ግብር ትከፍላለህ? ዘምተሃል? አንድም የችሎታ ጥያቄ የለም። የሚጣራው ሰውነቱ ነው እንጂ ዕውቀቱ አይደለም። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ሒሳቡ ይመረመራል። እስኪጣራ ድረስ ከአገር መውጣት አይችልም።

ሶቅራጥስ ይህ አልዋጥ ብሎት ነበር። የመርከብ መሪን በዕጣ የሚሾም ማነው? ግንበኛን በዕጣ የሚቀጥርስ? ይል ነበር። ጥያቄው ቀላል አይደለም። አቴናውያንም ሙሉ በሙሉ አልናቁትም፤ ሕይወትና ሞት ያለበትን ሥራ በዕጣ አይሰጡም ነበር። አሥሩ የጦር አለቆች በምርጫ ነው የሚሾሙት። ደጋግሞ መመረጥም ይቻላል። ፔሪክልስ 15 ዓመት ተከታትሎ የተመረጠው በዚህ በኩል ነው። ከተማዋን የመራው በአንደበቱና በዚያ በአንድ የምርጫ ወንበር ነው።

ለጎበዝ ሰው ደግሞ ሌላ መድኃኒት ነበራቸው። በዓመት አንድ ጊዜ «የሚባረር ሰው ይኑር ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይኑር ከተባለ እያንዳንዱ የሰው ስም በገል ላይ ጽፎ ይጥላል። ቢያንስ 6,000 ገል ከተጣለ ስሙ የበዛው ሰው ለአሥር ዓመት ከአገር ይወጣል። ንብረቱ አይነካም። ክስ የለም፤ መከላከያ የለም። ከእነዚህ ገሎች ከ10,000 በላይ በቁፋሮ ተገኝተዋል። የሚያስቀው፣ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ የጦር መሪው የቴሚስቶክልስ ስም ያለባቸው ወደ 190 ገሎች ተገኙ። የእጅ ጽሑፉ ሲመረመር የ14 ሰው ገደማ ብቻ ሆነ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ጽፎ፣ ለማደል አዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። የምርጫ ዘመቻ አዲስ ነገር አይደለም።

እስካሁን «ሰው» ስል «ወንድ ዜጋ» ማለቴ ነው። ሴት የለችበትም። ባሪያ የለበትም። ለዘመናት እዚያው የኖረ፣ ግብር የሚከፍል፣ ግን ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው የለበትም። አሪስቶትል ራሱ መጤ ነው፤ የስታጊራ ሰው። ስለ አቴንስ አገዛዝ ከማንም በላይ የምናውቀው በዚያ አገዛዝ እጁን አንድ ጊዜ እንኳ ማውጣት ከማይችል ሰው ነው።

በ451 ፔሪክልስ በሩን ይበልጥ አጠበበው። ዜጋ የሚሆነው አባቱም እናቱም አቴናዊ የሆኑ ብቻ ነው የሚል ሕግ አስወጣ። ከዓመታት በኋላ ወረርሽኝ ገባና ሁለቱ ልጆቹ ሞቱበት። የቀረው ከሚሊጢኗ ከአስፓስያ የወለደው ልጅ ነው። በራሱ ሕግ ያ ልጅ ዜጋ አይደለም። ለጉባኤው ቀርቦ ለመነ። አዘኑለትና ፈቀዱ። ልጁ አደገ፤ በ406 የጦር አለቃ ሆኖ ተመረጠ። በአርጊኑሳይ የባሕር ጦርነት እሱና ጓደኞቹ አሸነፉ። ነገር ግን ማዕበል ተነሣና ከተሰበሩት መርከቦች የወደቁትን ማንሳት አልቻሉም። ጉባኤው ተቆጣ። አለቆቹን ሁሉ በአንድ ላይ፣ በአንድ የድምፅ አሰጣጥ ፈረደባቸው። ሕጉ ለየብቻ ይላል። «ሕዝቡ የፈለገውን እንዳያደርግ መከልከል ነውር ነው» የሚል ጩኸት ተነሣ። ዕጣ ወጥቶለት በዚያ ቀን ከ50ዎቹ ተረኞች አንዱ የነበረ አንድ ሽማግሌ ብቻ አሻፈረኝ አለ። ሶቅራጥስ ነበር። አልሰሙትም። እዚያ የተገኙት ስድስቱ ተገደሉ፤ የፔሪክልስም ልጅ አብሮ። ጥቂት ቆይቶ ሕዝቡ ተጸጸተ። ያ ዕጣን የሚነቅፈው ሰው እዚያ ወንበር ላይ የተገኘው በዕጣ መሆኑን ሳስብ እገረማለሁ።

የጥቂቶቹ መሐላ

ኦሊጋርኪ ሁልጊዜ በሰይፍ አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በቁጥር ነው። ይህን ያህል ንብረት የሌለው አይገባም ይባላል፤ አለቀ። በቴብስ አንድ ጊዜ ከገበያ ንግድ ከወጣ አሥር ዓመት ያልሞላው ሰው ሹመት አይዝም የሚል ሕግ ነበር። ሌላም ዘዴ አለ። ሀብታም ከስብሰባ ሲቀር ይቀጣል፤ ድሃ ቢቀር አይቀጣም። ደግነት ይመስላል። ድሃው ሥራውን ጥሎ አይመጣም፤ ሀብታሙ ግን ይመጣል። ዴሞክራሲዎች በተቃራኒው ለድሃው አበል ይከፍላሉ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ኦሊጋርኮቹ ሳያፍሩ ይማማሉ ነበር፦ ለሕዝቡ ጠላት እሆናለሁ፣ የምችለውን ክፉ ሁሉ እመክርበታለሁ ብለው። አሪስቶትል ይህን ጽፎ፣ ቢያንስ የተቃራኒውን ቢምሉ ይሻላቸው ነበር ይላል።

አቴንስም ቀምሳዋለች። በ411 አራት መቶ ሰዎች ሥልጣን ያዙና ለአራት ወር ያህል ቆዩ። በ404፣ በስፓርታ ከተሸነፈች በኋላ፣ «ሠላሳዎቹ» የሚባሉት መጡ። በጥቂት ወራት ወደ 1,500 ሰው ገደሉ። በ403 ዴሞክራሲው ሲመለስ ሕዝቡ ያደረገውን ማንበብ አሁንም ያስደንቀኛል። ከዋነኞቹ በቀር ለሌላው ሁሉ ይቅርታ ተደረገ፤ «ክፉውን አላስታውስም» ብለው ማሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ሶቅራጥስን ገደሉት። ከሠላሳዎቹ መሪ ከክሪቲያስ ጋር የነበረውን ወዳጅነት የረሳ ያለ አይመስልም።

ዴሞክራሲው ከዚያ በኋላ ሌላ 80 ዓመት ኖረ። የጨረሰው የመቄዶንያው ገዢ አንቲጳጥሮስ ነው፤ በ322፣ አቴንስን በጦርነት ካሸነፈ በኋላ። ጉባኤውን አልዘጋም። ፕኒክስን አላፈረሰም። 2,000 ድራክማ (የግሪኮች ገንዘብ ነው) የሚያወጣ ንብረት የሌለው ዜጋ ድምፅ የለውም አለ። የቀሩት 9,000 ናቸው። አሪስቶትል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከአቴንስ ሸሽቶ ወጥቶ ነበር፤ የሞተውም በዚያው በ322 ነው። ኑዛዜ ትቶ ነበር። ኑዛዜውን እንዲያስፈጽምለት አደራ ያለው ወዳጁን አንቲጳጥሮስን ነው።